ገዳይዋና መርማሪዋ፦ በጎጃም የሴቶች አክሽን ፊልም ልትሠሩ ለተነሣችሁ

ይህን የምጽፈው ደብረ ማርቆስ ላይ አጭር የአክሽን ፊልም ሠርቶ ከጨረሰ ቡድን ውስጥ ሆኜ ነው። ታሪኩ የሁለት ሴቶች ነው፤ አንዷ ተከፍሏት የምትገድል፣ ሌላዋ ዱካዋን የምትከተል መርማሪ ፖሊስ። ሥራው አልቆ ለማየት በቅተናል። በመካከሉ ግን አንዲት ተዋናይ ልምምድ ላይ ወድቃ የእጅ አንጓዋ ተሰበረ፤ ቀረጻው ቆመ፣ የልጆቹ ወላጆች ፈሩ፣ ቡድኑም ሊበተን ደርሶ ነበር። እንደገና የተነሣነው የድብድብ አሠራርን ከሥሩ ተምረን ነው። በባሕር ዳር፣ በፍኖተ ሰላም፣ በዳንግላና በሞጣ በስልክ ካሜራ ፋይት ለመቅረጽ የሚነሡ ወጣቶች አብዛኛውን ጊዜ እኛ በገባንበት በር ነው የሚገቡት። ልጆቹ ሳይጎዱ ፊልሙ እንዲያልቅ የሚረዳውን እዚህ አስቀምጣለሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል። በፊልም ውስጥ ድብድቡን የምትሠራው መቺዋ አይደለችም፤ ተመቺዋ ናት። ተመልካች ቦክሱን አያምንም፤ የሚያምነው ቦክሱ ያረፈበትን ፊት፣ የታጠፈውን ወገብና የተቆረጠውን ትንፋሽ ነው። ጀማሪ ቡድን ጊዜውን ሁሉ ካልቾ ከፍ በማድረግ ሲጨርስ ኪሳራው እጥፍ ነው፦ ፋይቱ የውሸት ይመስላል፣ መውደቅ ያልተማረችዋ ልጅም ትጎዳለች። እኛ ልምምዱን ገልብጠን መውደቅንና መመታትን ካስቀደምን በኋላ ሁለቱም አብረው ተስተካከሉ።

የዚህ ዓይነት ፊልም ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። በ1966 እ.ኤ.አ. በሆንግ ኮንግ ፊልም ሰይፈኛዋን ሴት የተጫወተችው ቼንግ ፔይ-ፔይ ከዳንስ የመጣች ነበረች። በ1985 እ.ኤ.አ. ፖሊስ ሆና ስሟ የተነሣው ሚሼል ዮ ደግሞ የተማረችው ባሌ ዳንስ ነው፤ ድብድቡን የለመደችው ለፊልሙ ስትል ነው። በዚያው ፊልም አብራት የተጫወተችው አሜሪካዊቷ ሲንቲያ ሮትሮክ ግን የማርሻል አርት ሻምፒዮን ነበረች። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታዩ ዳንሰኛዋ አታንስም፤ ሰውነቷ ምት ተቀብሎ መመለስ ያውቃል። ያንን ፊልም ያዘጋጀው ኮሪ ዩን በ2002 እ.ኤ.አ. ሁለት ነፍሰ ገዳይ እህትማማቾችንና አንዲት ሴት ፖሊስን አፋጦ ሌላ ፊልም ሠርቷል። አሳዳጅና ተሳዳጅ የነበሩት ሴቶች መጨረሻ ላይ በአንድ ወገን ቆመው ይዋጋሉ። ገዳይና ፖሊስ ለሚጽፍ ሰው እዚያ ውስጥ ትልቅ ትምህርት አለ፦ እያንዳንዱ ፋይት በሁለቱ ሴቶች መካከል ያለውን ነገር መቀየር አለበት። ካልቀየረ ከስክሪፕቱ ይውጣ።

እኛም ስክሪፕቱን እንደገና ስንጽፍ ከዚያ ጀመርን። ገዳይዋና መርማሪዋ አንድ ዓይነት ፋይት የሚሰነዝሩ ከሆነ ገጸ ባሕርይ የለም፤ ልብስ ብቻ ነው የሚለያቸው። መርማሪ የምትዋጋው ለመያዝ ነው። እጅ ትጠመዝዛለች፣ ትከሻ ላይ ትጫናለች፣ ግድግዳ ላይ ታስጠጋለች፣ ከመንካቷ በፊት ትናገራለች፣ አንድ ዐይኗም በአካባቢው ያለ ሰው እንዳይጎዳ ይጠብቃል። ገዳይዋ የምትዋጋው ለመሄድ ነው። ከኋላ ትመጣለች፣ አትናገርም፣ ሁለት ሦስት ነገር ሠርታ ወደ በሩ ታያለች። ይህን በወረቀት ጻፉት፦ ለእያንዳንዷ የሚፈቀድላት አምስት እንቅስቃሴ፣ የማይፈቀድላት አምስት። የኛ ገዳይ ቦክስ አልነበራትም፤ ክርንና መዳፍ ብቻ። መርማሪዋ ካልቾ አልነበራትም። ፋይቱ የተለየው ያኔ ነው። ደግሞ ክብደቷ ያነሰ ሴት ከግዙፍ ወንድ ጋር ቦክስ ተለዋውጣ ስታሸንፍ ተመልካች በልቡ አይቀበልም። ጉልበቱን ከጎን ስትመታው፣ በር ስትዘጋበት፣ ነጠላዋን ፊቱ ላይ ጥላ ስታመልጥ ግን ይቀበላል።

ተዋናይ ስትመርጡ ወደ ቴኳንዶ ክለብ ብቻ አትሩጡ። የቴኳንዶ ልጆች ሚዛናቸውና ካልቾአቸው ያምራል፤ ችግራቸው ለዓመታት የሠለጠኑት ምት ላለመቀበል መሆኑ ነው። ምት ሲያርፍባቸው ፊታቸው አይለወጥም፣ ወዲያው ወደ መከላከል ይመለሳሉ፣ ርቀታቸውም ለመንካት የተለካ ነው። ይህን ማስረሳት ብዙ ልምምድ ይፈልጋል። እስክስታ በደንብ የሚጫወቱ የባህል ቡድን ልጆችን አብራችሁ ጥሩ። አንገታቸውንና ትከሻቸውን ለየብቻ ማዘዝ ይችላሉ፤ ምት ሲያርፍ መጀመሪያ የሚንቀሳቀሰው እነዚያው ናቸው። ቆጥረው መንቀሳቀስም ያውቃሉ፤ ኮሪዮግራፊ፣ ማለትም የፋይቱ እንቅስቃሴ ቅንብር፣ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ቆጠራ ነው። ገዳይዋን ከቴኳንዶ፣ መርማሪዋን ከእስክስታ ብትወስዱ ሁለቱ እርስ በርስ ይማማራሉ።

ቤተሰብን በር ላይ አትለፉት። እናትና አባት ቤታቸው ድረስ ሄዳችሁ፣ ከቡድኑ አንዲት ትልቅ ሴት አስተባባሪ ይዛችሁ፣ ልጃቸው ምን እንደምትሠራ፣ ማን እንደሚነካትና የት ላይ እንደሚነካት ጭምር በግልጽ ንገሯቸው። «እማማ፣ ልምምዱን መጥተው ይዩት» ብላችሁ ጋብዙ፤ የመጣች እናት ከዚያ በኋላ ጠበቃችሁ ትሆናለች። ልምምድ በቀን ብርሃን ይሁን፣ ከ11 ሰዓት በፊት ሁሉም ወደ ቤቱ ይግባ። ጨብጦ መያዝ ያለባቸው ትዕይንቶች ላይ እጅ የሚያርፍበት ቦታ አስቀድሞ በንግግር ይወሰናል፤ ካሜራ ፊት ማንም በራሱ ሐሳብ ምንም አይጨምርም። ልጅቱ አሞኛል ወይም ዛሬ አልወድቅም ስትል ምክንያት የምትነግረው ለዚያችው ሴት አስተባባሪ ነው፤ ሌላ ሰው አይጠይቃት።

የቀን አቆጣጠሩም ከጾም ጋር ይታሰብ። በአገራችን እስከ 9 ሰዓት ምግብም ውኃም የማይቀምሱ ልጆች ብዙ ናቸው፤ ውኃ ያልጠጣች ልጅ ከሰዓት በፊት ደጋግማ ስትወድቅ ዐይኗ ይጨልማል፣ ራሷን ልትስት ትችላለች። ስለዚህ የፋይት ቀን ረቡዕና ዓርብ አይሁን። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፣ ዐቢይ ጾም ደግሞ ብዙ ጊዜ የካቲት ላይ ነው። ዝናብ የሌለበት፣ ጾምም የማይጫነው ጊዜ ሲፈለግ ከመስቀል በኋላ እስከ ኅዳር አጋማሽ፣ ከዚያ ከገና እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ነው። የመጀመሪያውን ለልምምድ፣ ጥርን ለቀረጻ አድርጉት። የሚጾም ሰው ጾሙን እንዲሽር መጠየቅ ፈጽሞ አይገባም፤ ፕሮግራሙ ነው የሚዞረው።

አሁን ወደ መውደቅ። የጂም ፍራሽ በሌለበት ከተማ የጤፍ ጭድ ይበቃል፤ የጎጃም ሰው ጭድ ተቸግሮ አያውቅም። የኩንታል ጆንያ ውሰዱና ሁለት ሦስተኛውን ሙሉት፤ ጢም ብሎ ከሞላ እንደ መሬት ይጠነክራል፣ ከጎደለ መሬቱ ይሰማል። አፉን ስፉት። ስድስቱን በሁለት ረድፍ አነጥፉ፣ በላያቸው ሌላ ስድስት አቅጣጫቸውን አዙራችሁ ደርድሩ። የታችኛው መጋጠሚያ በላይኛው ጆንያ ወገብ መሸፈን አለበት፤ አለበለዚያ እግር ክፍተቱ ውስጥ ይገባና ቁርጭምጭሚት ይዞራል። ሸራ አልብሳችሁ ዙሪያውን በገመድ እሠሩት፣ ከላይ ብርድ ልብስ። ጭዱ በየቀኑ እየተጠቀጠቀ ስለሚሄድ ጠዋት ጠዋት ጆንያዎቹን ገልብጣችሁ አራግፉ። እርጥበት የገባው ጭድ ይሻግታል፣ አቧራውም ደረት ይይዛል፤ ፀሐይ ላይ አድርቁት ወይም ቀይሩት። ከላይ ድንጋይና ሚስማር መኖሩን በእጅ መዳሰስ የሁልጊዜ ሥራ ነው።

አወዳደቁ ደረጃ አለው። መጀመሪያ ተቀምጦ፣ ቀጥሎ ቁጢጥ ብሎ፣ ከዚያ ቆሞ፣ መጨረሻ ተገፍቶ። አገጭ ደረት ላይ ይጣበቃል፤ ወደ ኋላ የምትወድቅ ልጅ ራስ ቅሏ መሬት እንዳይመታ የሚያደርገው ይኸው ነው። ትንፋሽ እየወጣ ይወደቃል። ክንድ ከሰውነት በ45 ዲግሪ ተዘርግቶ ከመዳፍ እስከ ክርን በአንድ ጊዜ ምንጣፉን ይመታል። እጅን ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት ዘርግቶ መሬትን ለመደገፍ መሞከር ነው አንጓ የሚሰብረው። የሰው ልጅ በደመ ነፍስ የሚያደርገው ግን እሱን ስለሆነ፣ በመቶ ድግግሞሽ ካልሆነ በቃል ምክር አይጠፋም። ሁለት ሳምንት ሙሉ መውደቅ ብቻ ተለማመዱ ስል ይበዛባችሁ ይሆናል፤ አይበዛም። ከልብስ ሥር የቮሊቦል የጉልበት መከላከያ፣ የክርን መከላከያና የኳስ ተጫዋቾች የቅልጥም መከላከያ ይልበሱ። ሰፋ ያለ ሱሪ ወይም የባህል ቀሚስ ሁሉንም ይሸፍናል።

ጉዳት ሲደርስ ስለሚሆነው በግልጽ ልናገር። አንጓ ወይም ቁርጭምጭሚት ካበጠና ጣት ማንቀሳቀስ ካቃተ መጀመሪያ የሚኬደው ራጅ ወዳለበት ጤና ተቋም ነው። ወጌሻ በአካባቢያችን የተከበረ ሰው ነው፤ ነገር ግን ስንጥቅ በእጅ ዳሰሳ ሁልጊዜ አይለይም፣ አጥብቆ የታሰረ ሳንቃ ደግሞ የደም ዝውውር ያቆማል። የታሰረው እጅ ጣት ሰማያዊ ከሆነ፣ ከቀዘቀዘ ወይም ከደነዘዘ፣ በዚያው ቅጽበት ይፈታና ሆስፒታል ይኬድ፤ በዚህ ምክንያት እጃቸውን ያጡ ሰዎች አሉ። ጭንቅላቷን የተመታች ልጅ ካስታወከች፣ ግራ ከተጋባች ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካላት እንደዚሁ። ደህና ነኝ ብትልም በዚያ ቀን ወደ ፋይት አትመለስም።

ቦክስን በተመለከተ ሕጉ አንድ ስንዝር ነው። ክንድ እስከ መጨረሻው ተዘርግቶ ጡጫው ከፊት አንድ ስንዝር ርቆ ይቆማል። ከዚያ የቀረበ አይፈቀድም፣ ሰዎቹ የቱንም ያህል ቢተማመኑ። ክፍተቱን የሚደብቀው ካሜራው ነው። ከጎን የተቀረጸ ቦክስ ስንዝሩን ያጋልጣል፤ ከመቺዋ ወይም ከተመቺዋ ትከሻ ኋላ የተቀረጸ ግን ጡጫውንና ፊቱን አንድ መስመር ላይ ያስቀምጣቸዋል። ካሜራውን ሦስት አራት ሜትር አርቃችሁ ከ50 እስከ 85 ሚሊ ሜትር ሌንስ ተጠቀሙ፤ በስልክ ከሆነ ሁለት እጥፍ የሚያቀርበውን ሌንስ። እንዲህ ያለው አቅርቦ የሚያሳይ ረጅም ሌንስ ርቀትን ያጣብቃል። ሰፊ ሌንስ ቀርቦ ሲቀርጽ እንቅስቃሴውን ቢያጎላም ክፍተቱንም አብሮ ያሳያል፤ እሱን ለሩጫና ለመውደቅ አስቀምጡት።

ተመቺዋ ጭንቅላቷን የምታዞረው ጡጫው በፊቷ ሲያልፍ ነው፤ ቀድማ ካዞረች ሸሸች ይባላል፣ ዘግይታ ካዞረች ሌላ ነገር ያሰበች ትመስላለች። አገጭ ይመራል፣ ትከሻ ይከተላል፣ ወገብ መጨረሻ። የጡጫው አቅጣጫና የፊቱ አቅጣጫ አንድ መሆኑን ደጋግማችሁ አረጋግጡ፤ በጀማሪ ፊልም ላይ በጣም የሚታየው ስሕተት ከቀኝ መጥቶ ለተመታ ምት ፊት ወደ ቀኝ መዞሩ ነው። ከመሰንዘር በፊት ሁለቱ ዐይን ለዐይን ይተያያሉ። ለጭንቅላት የሚሰነዘር ዱላ ከሆነ መቺዋ የምትጀምረው ጎንበስ የምትለዋ መጎንበስ ከጀመረች በኋላ ነው፤ ካላየች አትሰነዝርም።

ፍጥነቱን በአራት ከፍሉት። ሩቡ፣ ግማሹ፣ ሦስት አራተኛው፣ ከዚያ ቀረጻ። ቀረጻውም ሙሉ ፍጥነት አይደለም፤ ከአቅማቸው አምስት እጅ አራቱ ይበቃል። በመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ጮክ ብለው ይቁጠሩ። «ቁም!» የሚለው ቃል የሁሉም ነው፤ ውኃ ያቀረበችው ልጅ ብትለው እንኳ ሁሉም ይቆማል፣ ለምን አልሽ የሚላትም የለም።

ፀጉር መጎተት፣ ማነቅና ካቴና ለየብቻ መለማመድ ያለባቸው ናቸው። ሹሩባ የተሠራች ልጅ በፍጹም አትጎተትም፤ ሹሩባው ሥሩን ይዞ ይመጣል። መቺዋ ጡጫዋን ጨብጣ የተጎታቿ ጭንቅላት ላይ ታሳርፋለች፣ ተጎታቿ በሁለት እጇ የመቺዋን አንጓ ይዛ ወደ ራሷ ትጫነዋለች፣ ከዚያ የምትንቀሳቀሰው በራሷ ፍላጎት ነው፤ መቺዋ ተከትላት ትሄዳለች። ማነቅም እንዲሁ፤ እጅ የሚያርፈው ከአንገት በታች፣ ከደረት በላይ ባለው አጥንት ላይ ነው፣ ጉሮሮ አይነካም። በነጠላ ወይም በመቀነት የሚታነቅ ትዕይንት ካላችሁ ጨርቁ ከአንገት ኋላ አይጠላለፍም፣ አይቋጠርም፤ የታናቂዋ የራሷ እጅ በጨርቁና በአንገቷ መካከል ይገባል። እውነተኛ ካቴና ሲወድቁበት ይጠብቅና ነርቭ ይጎዳል፤ መልቀቂያ ያለውን የፕላስቲክ ተጠቀሙ። እጇ ወደ ኋላ የታሰረች ልጅም አትወድቅም፤ መውደቁ በሌላ ሾት (ካሜራው ሳይቋረጥ በሚቀርጸው ሌላ ቁራጭ) ይሠራል። ቴስታን ተዉት።

ለዱላ ፋይት የኛ አገር ትልቅ ሀብት የእንጅባራ ቀርከሃ ነው። ቀላል ነው፣ ድምፁም ያምራል። እውነተኛ ሽመል ግን ከባድና ጠንካራ ስለሆነ አንድ ስሕተት አጥንት ይሰብራል። ቀርከሃው ከተዋናይዋ ቁመት ያጠረ፣ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ፣ ውፍረቱ ሦስት ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ይበቃል። የቀርከሃ አደጋው ሲደርቅ በርዝመቱ መሰንጠቁ ነው፤ የተሰነጠቀው ጠርዝ ሥጋ እንደ ምላጭ ይቆርጣል። በየአንጓው መካከል በናስትሮ ጠቅልሉት። ከእያንዳንዱ ልምምድ በፊት ቀጭን ጨርቅ ይዛችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ አሹት፤ ክር ከያዘ ዱላው ይጣል። ዱላ የሚያነጣጥረው ዱላን ነው እንጂ ሰውን አይደለም። ሰውነት ላይ ማረፍ ያለበት ምት ካለ ቀጭን ቀርከሃ በስፖንጅ ጠቅልላችሁ ጥቁር ቀለም ቀቡት።

ጩቤ ከወፍራም የሲሊፐር ሶል ይቆረጣል። ሃያ ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ ጠርዙ በሸካራ ወረቀት የተለሰለሰ፣ የብር ቀለም የተቀባ፣ እጀታው በናስትሮ የተጠመጠመ። ሦስት ሜትር ርቀት ላይ ካሜራ አይለየውም። ለስላሳ ነው ተብሎ ግን ወደ ፊት አይሰነዘርም፤ ዐይን ስፖንጅም አይችልም። ስትወጋ ጩቤው ካሜራው በማያይበት በኩል በክንድና በጎን መካከል ያልፋል። የብረቱ ጩቤ የሚታየው ብቻውን፣ ከፊቱ ሰው በሌለበት፣ በቅርብ ሾት ነው፤ ተቀርጾ ሲያልቅ ቦርሳ ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጣል። ጀበና በሰው ላይ አይሰበርም፤ የሸክላ ስብርባሪ ይቆርጣልና ወለል ላይ በሌላ ሾት ይውደቅ። ዘነዘና ካላችሁ ከስፖንጅ ሥሩት።

ስለ ሽጉጥና ክላሽ አጥብቄ እለምናችኋለሁ። በአገራችን ጠመንጃ በብዙ ቤት ስላለ ባዶውን መዋስ ቀላል ይመስላል። ባዶ የሚባል መሣሪያ የለም። በ1993 እ.ኤ.አ. ተዋናዩ ብራንደን ሊ፣ በ2021 እ.ኤ.አ. የካሜራ ባለሙያዋ ሃሊና ሃቺንስ ፊልም በመቅረጽ ላይ ሳሉ ተተኩሶባቸው ሞተዋል፤ ያውም መሣሪያ የሚቆጣጠር ሰው ተመድቦ በነበረባቸው ሥራዎች። ፕላስቲክም ቢሆን በክልላችን ባለው የጸጥታ ሁኔታ ደጅ ላይ መያዝ የለበትም፤ ከሩቅ የሚያይ ሰው አይለየውም፣ ለመጠየቅም ጊዜ አይኖረውም። የፖሊስ የደንብ ልብስም እንዲሁ። እኛ ታሪኩን ለወጥነው፦ ፖሊሷን ሲቪል ለባሽ መርማሪ አደረግናት፤ የቆዳ ጃኬት፣ በአንገቷ የተንጠለጠለ መታወቂያ፣ ወገቧ ላይ ካቴና። ገዳይዋም ድምፅ የማትወድ ሆነች። ፊልሙ ከዚህ አንዳች አልጎደለበትም፤ እንዲያውም ሴቶቹ ተቀራርበው እንዲዋጉ አስገደደ።

ፈቃድ ከቀበሌ፣ ከፖሊስ ጽሕፈት ቤትና ከባህልና ቱሪዝም ማኅተም ያለው ደብዳቤ ይዛችሁ ውጡ፤ ቅጂውን የካሜራ ሰውም አስተባባሪም ይያዝ። ጠዋት ጠዋት ለሰፈሩ ጥበቃና ለጎረቤት ዛሬ ጩኸት ትሰማላችሁ፣ ፊልም ነው ብላችሁ ንገሩ። ከኬላ፣ ከባንክ፣ ከድልድይ፣ ከመናኸሪያ ራቁ። ድሮን አታስቡ። የሌሊት ትዕይንት በቀን ቤት ውስጥ ይሠራል፤ መስኮቱን በወፍራም ብርድ ልብስ ሸፍናችሁ አንዲት መብራት ከጎን አብሩ።

የቀረጻው ቀን ሲደርስ ፋይት ጠዋት፣ ንግግር ከሰዓት ይሁን፤ የደከመ ሰው ነው የሚጎዳው። የደብረ ማርቆስ ጠዋት ይበርዳልና ሃያ ደቂቃ ሰውነት ሳይሟሟቅ አይጀመር። የውጭ ትዕይንት ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ተኩል፣ ከዚያ ከ9 ሰዓት ተኩል በኋላ ቅረጹ። በቀትር ፀሐይዋ አናት ላይ ስለምትሆን ዐይን ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል፤ ዐይኗ ያልታየ ተመቺ ደግሞ ምንም አልተመታችም። ነጭ ነጠላ በእንጨት ላይ ወጥራችሁ ከፊት በታች ብታቆሙት ብርሃን ይመልሳል።

የስልኩን ካሜራ በራሱ እንዲወስን አትተዉት። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በሴኮንድ 30 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ቤት ውስጥ ስትቀርጹ ጥቁር መስመር ሊንሸራተት ይችላል። 25 ፍሬም፣ ሻተሩን (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) አንድ ሃምሳኛ ሴኮንድ አድርጉት። ሻተሩ ሲፈጥን፣ አንድ ሁለት መቶኛ ሲደርስ፣ እጅ ይቆራረጣል፤ የኛ ዓይነት ስንዝር የተለካ ቦክስ ደግሞ ትንሽ ድብዝዝታ ያስፈልገዋል።

አንድ ሾት ውስጥ ከሦስት እስከ አምስት እንቅስቃሴ ብቻ። አንድ ደቂቃ ፋይት ሃያ አምስት ሾት ገደማ ይፈልጋል። ሙሉውን ፋይት ደጋግሞ ከየአቅጣጫው መቅረጽ ሰው ያደክማል፣ ግማሹም ከንቱ ነው። የሆንግ ኮንግ ሰዎች እንደሚያደርጉት በቅደም ተከተል ሂዱ፤ አንዱ ቁራጭ ሲሳካ ወደ ቀጣዩ። እያንዳንዱ ሾት ያለፈው ሾት በጨረሰበት እንቅስቃሴ ይጀምር፤ ያ መደራረብ በኤዲቲንግ ጊዜ ያድናችኋል።

ደም ቀላል ነው። አንድ ኩባያ ስኳር በግማሽ ኩባያ ውኃ አፍልታችሁ ሽሮፕ አድርጉ፣ ቀይ የምግብ ቀለም ጨምሩ፣ በትንሽ ካካዎ አጥቁሩት። ቀይ ስር ካሜራ ላይ ሐምራዊ ይወጣል። ስኳሩ ንብና ዝንብ ስለሚጠራ ደም ያለበትን ሾት መጨረሻ አድርጉት፤ ልብሱም ሁለት ተመሳሳይ ይኑረው።

ኤዲቲንግ ላይ ዳቪንቺ ሪዞልቭ የተባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም በነጻው እትሙ ይበቃል። ፍጥነትን ከ105 እስከ 110 በመቶ ማሳደግ ይቻላል፤ ከዚያ ካለፈ ፀጉርና ነጠላ ያጋልጣሉ። የሆንግ ኮንግ ፊልሞች በሴኮንድ 22 ፍሬም ቀርጸው በ24 ሲያሳዩ የሚገኘው ፍጥነት ከዚህ አይበልጥም። ጠንካራ ምት ላይ ቁርጡን ስታደርጉ በሁለተኛው ሾት ውስጥ ሁለት ሦስት ፍሬም መልሳችሁ ድገሙ፤ ዐይን ድግግሞሹን አያየውም፣ ምቱን ግን ሁለት ጊዜ ይቀበላል።

ድምፁ የፊልሙ ግማሽ ነው። የሰውነት ምት በቁርበት ላይ በዱላ ሲመታ ያገኛችሁታል፤ ፊት ላይ የሚያርፍ ጥፊ በእርጥብ ፎጣ፤ አጥንት ጥቅል ጎመን ሲጠመዘዝ፤ የዱላ ሽውታ ጅራፍ ሳይጮኽ ቀስ ተብሎ ሲወነጨፍ። ማይኩን ከአንድ ስንዝር እስከ ሁለት አቅርቡት፣ ክፍሉን በጋቢና በፍራሽ ከልሉት። ሽውታው ከምቱ ሦስት አራት ፍሬም ቀድሞ ይጀምር። የምቱን ድምፅ ደግሞ ጡጫው የቆመበት ፍሬም ላይ አታስቀምጡት፤ የተመቺዋ ፊት መንቀሳቀስ የጀመረበት ፍሬም ላይ አስቀምጡት። በአንድ ፍሬም ልዩነት ብቻ የሞተ ቦክስ ሲነሣ ታያላችሁ።

መጨረሻ የሚቀረጸው ትንፋሽ ነው። ሁለቱን ተዋናዮች ለየብቻ ግቢውን አሩጧቸውና ማይኩ ፊት አቁሟቸው፤ ምት ከመሰንዘር በፊት የሚሳበውን፣ ምት ሲያርፍ የሚወጣውን፣ ሆድ ሲመታ የሚቆረጠውንና ከወደቁ በኋላ የሚመለሰውን አራት አራት ጊዜ ቅረጹ። ገዳይዋ በአፍንጫዋ ትተንፍስ፣ መርማሪዋ በአፏ። ሲደባለቁ ዐይናችሁን ጨፍናችሁ ስሙት፤ የትኛዋ እንደተመታች ካልለያችሁ ያንን ክፍል እንደገና ቅረጹ።